ለሦስት ዓመት የታፈነ መርዶ

የኩሮሳዋን «ካጌሙሻ» ከአይከል ሆኖ ማየት

ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ልብሳቸው አንድ፣ ፂማቸው አንድ፣ መልካቸውም አንድ ነው። መካከል ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠው የአገሩ ጌታ ነው፤ ጥላው ከኋላው ግድግዳ ላይ ገዝፎ አርፏል። አጠገቡ ያለው ወንድሙ ነው። ሦስተኛው ግን ሊሰቀል ሲል ከሞት የተረፈ ሌባ ነው። ወንድምየው ያስጣለው መልኩ ጌታውን ቁርጥ ስለሆነ ነው፤ አንድ ቀን ይጠቅማል ብሎ አመጣው። ሌባው ፍርሃት የለበትም። እኔ የሰረቅሁት ጥቂት ሳንቲም ነው፣ አንተ ግን አገር ዘርፈህ፣ ስንቱን ገድለህ እኔን ሌባ ትለኛለህ ብሎ ጌታውን በሳቅ ይሞግታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ካሜራው ከተተከለበት ንቅንቅ አይልም። ወደ አንዱም ፊት አይጠጋም። ስድስት ደቂቃ ያህል እንዲሁ ይቆያል።

አይከል ውስጥ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለ ቪዲዮ ቤት፣ ስድስት ደቂቃ ረጅም ነው። አግዳሚ ላይ ከተቀመጡት ወጣቶች አንዱ ምስሉ የቆመ መስሎት «ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ሌላው ስልኩን አወጣ። ፊልሙን በፍላሽ ይዞ የመጣው የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነው፤ ኳስ የሌለበትን ምሽት መርጦ፣ የቤቱን ሒሳብ ከኪሱ ከፍሎ፣ ተማሪዎቹንና ጓደኞቹን ሰብስቧል። የቤቱ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ሁኔታውን ያያል። «እኔ ብቻዬን እንዲህ ያለ ፊልም ብከፍት ሰው ጥሎኝ ይወጣል» ይላል። ደንበኞቹ ቅዳሜና እሑድ ለእንግሊዝ ኳስ፣ በአዘቦት ቀን ለሕንድ ፊልምና ለትርጉም ፊልም የሚመጡ ናቸው።

«ካጌሙሻ» እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የአኪራ ኩሮሳዋ ሥራ ነው። ስሙ የጌታ አምሳያ ሆኖ የሚቆም ሰው ማለት ነው። ስለ መልኩ የሚከራከር ብዙ የለም፤ ባንዲራው፣ ፈረሱ፣ ጭጋጉ፣ የፀሐይ መግቢያው ዓይን ያፈዝዛል። አስቸጋሪነቱም የታወቀ ነው። ስማቸው የሚያምታታ የጦር አለቆች ይበዙበታል፤ ወሬው የሚያልቀው ምንጣፍ ላይ በሚደረግ ምክር ነው፤ ጦርነት ይመጣል ሲባል ጭለማ ይሆናል። ተመልካች ከሩቅ አገር መጥቶ የተዘጋ በር ላይ የቆመ ያህል ይሰማዋል። እኔ ግን የጭልጋና የጎንደር ሰው የዚህ በር መክፈቻ በእጁ እንዳለ አምናለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

> ውጊያ ሊያዩ የመጡ ሰዎችን ውጊያውን የሚደብቅ ፊልም ጠበቃቸው።

ጃፓንን በግማሽ እናውቃታለን

አይከል ከጎንደር በስተምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የጭልጋ ዋና ከተማ ናት። ሽቅብ ወደ ጎንደር፣ ቁልቁል ወደ ቆላው የሚሮጠው አባዱላ ሚኒባስ ጃፓን ሠራሽ ነው። ልጆቹ «ናሩቶ» የተባለውን የጃፓን ካርቱን ከነ ገጸ ባሕርያቱ ስም ያውቁታል። ካራቴ የሠለጠነም አይጠፋም። ሳሙራይ ሲባል ሁሉም ሰይፍ ያስባል፤ ስለዚህም «የሳሙራይ ፊልም አለ» ሲባል ሰይፍ ሊያይ ይመጣል።

በዕድሜ የገፉት ደግሞ ቶኪዮን በአበበ ቢቂላ ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ የጃፓኑ ዳይሬክተር ኮን ኢቺካዋ ካሜራዎች አብረውት ነበሩ። በዓመቱ የወጣው የኢቺካዋ የኦሊምፒክ ፊልም ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው፣ ከውጤት ይልቅ ፊትና ላብን የሚከተል ሥራ ነው፤ የአበበን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ፣ ዝግ ባለ እንቅስቃሴ ይዞ ይሄዳል። ውድድሩን ማን እንዳሸነፈ ለማወቅ የሚያየው ሰው ይሰለቻል። ያን ፊት ማየት የፈለገ ግን ዓይኑን አይነቅልም። ሁለት ዓይነት ተመልካች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፣ «ካጌሙሻ»ም የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ከአበበ በፊትም ግንኙነት ነበረን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጽፈውልናል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የተቀዳው ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። የሜጂው ሰነድ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ1889 መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከመውደቃቸው አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ። ጃፓን ከጌቶች ዘመን ወጥታ ሕገ መንግሥት ስትጽፍ የእኛ ንጉሠ ነገሥት ጦራቸውን እየመሩ በዚህ አገር በኩል ወደ ቆላ እየወረዱ ነበር።

በብሩሽ የተሠራ ፊልም

ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1910 ተወለደ። ወጣት ሳለ ምኞቱ ሠዓሊ መሆን ነበር። ወደ ፊልም የሳበው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ይህ ወንድሙ ድምፅ አልባ ፊልም ሲታይ ከመጋረጃው ጎን ቆሞ ታሪኩን ለተመልካች ከሚተርኩት ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ጃፓኖች ቤንሺ ይሏቸዋል። ተመልካች አንዳንዴ ወደ ሲኒማ የሚመጣው ተዋናዩን ሳይሆን ተራኪውን ብሎ ነበር። የእኛ ትርጉም ፊልም ተራኪ ቤንሺን ሳያውቅ የቤንሺን ሥራ ይሠራል። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ቤንሺዎች ሥራ አጡ፤ የኩሮሳዋ ወንድምም እ.ኤ.አ. በ1933 በገዛ እጁ ሞተ።

ኩሮሳዋ በ«ራሾሞን» እ.ኤ.አ. በ1951 ቬኒስ ላይ ሲሸለም ዓለም የጃፓንን ሲኒማ ዞር ብሎ አየ። «ሰባቱ ሳሙራዮች» ተከተለ። ከዚያ ግን ዘመኑ ተገለበጠበት። ገንዘብ የሚሰጠው ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 እሱም እንደ ወንድሙ ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ተረፈ። ሶቪየት ኅብረት ሄዶ የሠራው «ደርሱ ኡዛላ» ኦስካር ቢያገኝም የ«ካጌሙሻ»ን ጽሑፍ ይዞ ሲመለስ በር የሚከፍትለት አላገኘም፤ ወጪው የማይቻል ነበር። እናም ሥዕል ያዘ። ፊልሙ ባይሠራ እንኳ ምን ሊመስል እንደነበር ሰው ይየው ብሎ እያንዳንዱን ትዕይንት በቀለም ሣለ፤ ሥዕሎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። በመጨረሻ የ«ስታር ዋርስ»ን ታሪክ በከፊል ከእሱ ፊልም የተማረው ጆርጅ ሉካስና የ«ጎድፋዘር» ዳይሬክተር ፍራንሲስ ኮፖላ መካከል ገብተው የአሜሪካ ኩባንያ ገንዘብ እንዲሰጥ አደረጉ። ዋና ተዋናይ ይሆናል የተባለው ሺንታሮ ካትሱ ቀረጻው እንደተጀመረ ከኩሮሳዋ ጋር ተጋጭቶ ወጣ፤ ታትሱያ ናካዳይ ጌታውንም ሌባውንም ሆኖ ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1980 ካን ላይ ከአንድ የአሜሪካ ፊልም ጋር የወርቅ ዘንባባውን ተካፈለ።

ይህን ታሪክ ማወቅ ዓይንን ያስተካክላል። የፊልሙ ምስል የቆመ የሚመስለው በመጀመሪያ የተሣለ ስለሆነ ነው። ሌባው የሚያልመው ሕልም አለ፤ ሰማዩ ቀይና ቢጫ እንደተደፋ ቀለም ነው፣ የሞተው ጌታ አስከሬኑ የተከተተበትን ጋን ፈልቅቆ ከነጥሩሩ ይወጣና ያሳድደዋል። አንድ የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ግድግዳ ደጋግሞ ያየ ወጣት ሠዓሊ ስለዚህ ትዕይንት ሲናገር፣ «ይሄ እኮ ጥልቀት አይፈልግም፤ ቀለሙ ራሱ ይናገራል» አለ። ትክክል ነው። የጎንደር ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጢአተኛውን በአንድ ዓይኑ ያሳያል፤ ተመልካቹ ሕጉን አውቆ ያነባል። ኩሮሳዋም ሕግ አለው። በጌታው ሰንደቅ ላይ የተጻፉት ነፋስ፣ ጫካ፣ እሳትና ተራራ ናቸው። ፈረሰኛውና እግረኛው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ይከፋፈላሉ፤ ተራራው ጌታው ራሱ ነው። ተራራ ደግሞ መነቃነቅ የለበትም። ይህን አንድ ነገር ይዞ የገባ ሰው የፊልሙ ዝግታ ከየት እንደመጣ ይገባዋል፤ ሁሉም ሰው የማይነቃነቅ ለመምሰል እየታገለ ነው።

ከአንድ አገር የመጣ ጠመንጃ

የፊልሙ ጌታ ታኬዳ ሺንገን በእውነት የነበረ ሰው ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ1573 በሕመም ሞተ የሚለውን ያመዝናሉ፤ ኩሮሳዋ ግን አፈ ታሪኩን መረጠ። ሺንገን የጠላቱን ምሽግ ከቦ ሳለ ከግንቡ ውስጥ ማታ ማታ ዋሽንት የሚነፋ ሰው አለ። ጌታው ዋሽንቱን ለመስማት በጨለማ ይወጣል። ከግንቡ የተተኮሰች አንዲት ጥይት ታገኘዋለች። ተኳሹ ጨለማ ውስጥ እንዴት እንደመታው በኋላ ለአለቃው ሲያሳይ እጅግ ደስ የሚል ትዕይንት ነው፤ ቀን ላይ ለጌታ የሚሆን መቀመጫ ሲዘጋጅ አይቶ፣ ጠመንጃውን በዚያው አነጣጥሮ ደግፎ አስቀምጦ፣ ሌሊት ቃታ መሳብ ብቻ ነበር የቀረው።

ይህ ጠመንጃ ጃፓን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። ፖርቱጋሎች ታኔጋሺማ በምትባል ደሴት ላይ ይዘውት ወረዱ፤ ጃፓኖችም ወዲያው አስመስለው መሥራት ያዙ። በዚያው በ1543፣ በየካቲት፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ላይ ከፖርቱጋል ጠመንጃ የወጣ ጥይት ኢማም አሕመድን ጣለ። መሪው መሞቱ ሲታወቅ ለዓመታት ድል ሲያደርግ የኖረው ጦር በአንድ ቀን ተበተነ። አንድ ሕዝብ፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ዓመት፤ በሁለት የዓለም ጫፍ። ሃይማኖቱም እንዲሁ ተከትሎ መጥቷል። በፊልሙ ውስጥ ሺንገንን የሚጋፈጠው ኖቡናጋ ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር ሲገናኝ፣ ወይን ሲጠጣ ይታያል። ኢየሱሳውያኑ ጎርጎራ ላይ ሲያንጹና ዐፄ ሱስንዮስን ሲያሳምኑ ባልንጀሮቻቸው ጃፓን ውስጥ ስደት ላይ ነበሩ። ዐፄ ፋሲል በ1630ዎቹ እ.ኤ.አ. አስወጧቸው፤ ጃፓንም በዚያው አሥር ዓመት ፖርቱጋሎችን አባርራ ደጇን ዘጋች። የፋሲል ግንብና የሂሜጂ ግንብ፣ «ካጌሙሻ» ከተቀረጸባቸው ቦታዎች አንዱ፣ የአንድ ክፍለ ዘመን ልጆች ናቸው። የታሪክ መምህሩ ይህን ለተመልካቾቹ ሲናገር ስልክ ያወጣው ልጅ ስልኩን መለሰ።

> ኢማሙን የጣለው ጥይትና የጃፓኑን ጌታ የጣለው ጥይት የአንድ አገር ሰዎች ያመጡት ነው።

መተማ

ሺንገን ሊሞት ሲል አንድ ትእዛዝ ይሰጣል። ሞቴን ለሦስት ዓመት ደብቁ፤ አገሩን ጠብቁ፤ ከቦታችሁ አትነቃነቁ። ቀሪው ፊልም በሙሉ የዚህ ትእዛዝ ታሪክ ነው። ሌባው የጌታውን ልብስ ለብሶ በጌታው ቦታ ይቀመጣል። ጦሩ ይሠለፍለታል፤ ጠላት ይፈራዋል።

ከአግዳሚዎቹ በአንዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የልጅ ልጃቸውን ተከትለው ነው የመጡት። ትእዛዙ በአማርኛ ሲነገራቸው «እንዲህ ያለ ሰው መተማ ላይ ቢገኝ ኖሮ» አሉ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። እዚያ ቤት ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ፊልሙ ፈጥኖ የገባቸው እሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ።

የመተማ ነገር በጭልጋ እንደ ትናንት ይወራል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ጦር የደርቡሾችን ምሽግ እየጣሰ ነበር። ድሉ እጅ ሊገባ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆሰሉ። ወሬው በጦሩ ውስጥ ሮጠ፤ ያሸነፈ ሠራዊት ልቡ ተሰብሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። ንጉሡ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ደርቡሾች አስከሬናቸውን ይዞ የሚመለሰውን ጓድ ተከትለው ደረሱበት፤ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ጦርነቱ የተለወጠው በጦር ብዛት አልነበረም፤ «ንጉሡ ተመቱ» በምትል አንድ ቃል ነበር።

መደበቁንም እናውቃለን። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ለሕዝብ አልተነገረም፤ እንደ ወጉ አልተለቀሰም። አገሩ በንጉሡ ስም እየተዳደረ ሰነበተ። የጎንደር ሰው ደግሞ ስለ ዐፄ በካፋ ሲያወጋ ልብሳቸውን ለውጠው ሕዝቡ መካከል የሚዞሩ፣ እንዳሉ የማይታወቁ፣ እንደሌሉም የማይታመኑ ንጉሥ አድርጎ ነው። ንጉሥ በአካል ከመኖሩ ይልቅ አለ ተብሎ መታመኑ አገር እንደሚያቆም ለማወቅ ጃፓን መሄድ አያስፈልገንም።

መርዶ ነጋሪ የሌለበት ቤት

እኔ ይህን ፊልም የማነበው በመርዶ ነው። በእኛ አገር የሞት ወሬ እንደ ደረሰ አይነገርም። ልጁ ፈተና ላይ ከሆነ፣ እናቲቱ ታማ ከተኛች፣ ወንድሙ ሩቅ አገር ከሆነ ይታፈናል። የሚያውቀው ዘመድ ቡና ጠጥቶ፣ ስቆ፣ «ደህና ናቸው» ብሎ ይሸኛል። ከዚያ አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሰው በር ላይ ይሰበሰባል፤ አንድ ታላቅ ሰው ቃሉን ያወጣል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን የሚያውቁት ሰዎች ፊት ምን ይመስላል? ይህን ያየ ሰው «ካጌሙሻ»ን አይቶ ይጨርሳል።

ምክንያቱም ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእነዚያ ፊቶች ፊልም ነው። የጦር አለቆቹ ምንጣፍ ላይ ሲመክሩ «ምንም አልተደረገም» የሚል ተመልካች ትልቁን ነገር አለፈው፤ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ለቅሶ ላይ ነው፣ ግን ማልቀስ አይችልም። ወንድምየው ለዓመታት ታላቁን ሆኖ ሲጫወት ኖሯል፤ ለሌባው ጥላ ያለ አካሉ ሊኖር እንደማይችል ሲነግረው የራሱን ሕይወት እየነገረው ነው። የሟቹ አስከሬን በትልቅ ጋን ተከትቶ ሱዋ ሐይቅ ውስጥ የሚሰጥመው በጭጋግ ነው። ጀልባዋ ጋኑን ይዛ ወደ ጭጋጉ ትገባለች፤ ባዶዋን ትመለሳለች። የጠላት ሰላዮች ከዳር ሆነው ያያሉ፤ ሕዝቡ ግን ለሐይቁ የተሰጠ የመጠጥ መባ ነው ተብሎ ይነገረዋል። ፍታት የሌለበት ቀብር ነው። ሌባው ልቡ የሚለወጠውም እዚህ ላይ ነው። ሰላዮቹ «ሞቷል» ሲባባሉ ተደብቆ ይሰማና፣ ማንም ሳያስገድደው እኔ ልጥቀማችሁ ብሎ ይለምናል።

ሁለት የማይታለሉ አሉ፤ ልጅና ፈረስ። የሺንገን የልጅ ልጅ ገና ሲያየው «ይሄ አያቴ አይደለም» ይላል። በአዳራሹ ያለው ሁሉ ትንፋሹ ይቋረጣል። ልጁን የሚያረጋጋው ውሸት ሳይሆን ፍቅር ነው፤ ሌባው ልጁን እውነት ይወደዋል፣ ልጁም ይወደዋል። ፈረሱ ግን ፍቅር አያውቅም። ሌባው ራሱን ረስቶ፣ እውነት ጌታው የሆነ መስሎት በሟቹ ጥቁር ፈረስ ላይ ሲወጣ ፈረሱ ይጥለዋል። ሊያነሱት የመጡት ቁባቶች ጀርባውን ሲያዩ የጌታው ጠባሳ የለም። አለቀ። በዝናብ፣ በድንጋይ እየተወገረ ከግንቡ ይባረራል፤ ልጁን እንኳ እንዲሰናበት አይፈቀድለትም። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ከንፈር የተመጠጠው እዚህ ላይ ነው።

> ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞትን አውቀው የማያለቅሱ ሰዎች ፊት ነው።

ያልታየው ውጊያ

መርዶው ሲወጣ የሺንገን ልጅ ካትሱዮሪ የአባቱን ትእዛዝ ጥሶ ጦሩን ያነቃንቃል። ተራራው ተነሣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1575 ናጋሺኖ ላይ ኖቡናጋና አጋሩ ኢዬያሱ ከእንጨት አጥር ጀርባ ጠመንጃ አሰልፈው ይጠብቁታል። ሦስት ሰዓት የጠበቀው ተመልካች አሁን ውጊያ ሊያይ ነው። ኩሮሳዋ ግን አያሳየውም። ፈረሰኛው ይጋልባል። ጠመንጃው ይተኮሳል። ከዚያ የምናየው ኮረብታው ላይ የተቀመጡትን የጦር አለቆች ፊት ነው። እንደገና ሌላ ክፍል ይጋልባል፤ እንደገና ተኩስ፤ እንደገና ፊት። የሚወድቅ ሰው አናይም። ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው ካሜራው ሜዳው ላይ የሚወርደው፤ የቆሰለ ፈረስ ሊነሣ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል፤ ረጅም ጊዜ። ለዚያ ትዕይንት ፈረሶቹ ማደንዘዣ ተወግተው ነበር።

አንድ ባጃጅ ነጂ ወጣት «ሸወደን» አለ። ብዙዎች እንደሱ ያስባሉ፤ ፊልሙ በወጣበት ጊዜም ይህ ቅሬታ ነበር። አጠገቡ የነበረ ጓደኛው ግን ቀስ ብሎ «የምታውቀውን ምን ያሳይሃል?» አለው። ባለፉት ዓመታት ለጭልጋ ሰው የጥይት ድምፅ ከፊልም ብቻ የሚመጣ አይደለም። ተኩስ ሲሰማ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የሚወድቀውን አይደለም፤ አጠገቡ ያለውን ሰው ፊት ነው። ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ኩሮሳዋ ገዳዩንም ሟቹንም ጀግና ሳያደርግ ጦርነትን የሚያሳይበት መንገድ ፈልጎ ያገኘው ይህን ነው፤ እኔም ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ሌባው ከሸምበቆው ውስጥ ሆኖ ይህን ሁሉ አይቷል። የእሱ የነበረ አንዳች ነገር የለም፤ ተባርሯል፣ ተወግሯል። ሆኖም ጦር ያነሣና ብቻውን ወደ ጠመንጃው ይሮጣል። ተመትቶ ወንዙ ውስጥ ሲገባ የሺንገን ሰንደቅ ውኃው ውስጥ ሰጥሞ ያያል፤ ሊይዘው ይሞክራል፤ አይደርስበትም። ሬሳው ሰንደቁን አልፎ በወንዙ ይፈስሳል። ሽማግሌው «ያለ ጌታ አልኖርም አለ» ብለው ተረጎሙት። መምህሩ አልተስማማም፤ ሰውየው የሞተው ለጌታው ሳይሆን ለዚያ ልጅ ነው ባይ ነው። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ ግን የሽማግሌው አነጋገር ይበልጥ ጎንደሬ ነው።

«ከበደኝ» የሚለው ቅሬታ

ዝግ ያለና ከባድ ፊልም የውጭ አገር ነገር ተደርጎ ሲወራ ያሳዝነኛል። ጎንደር ተወልደው ያደጉት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የገበሬውን ቀን በገበሬው ፍጥነት አሳይተውናል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በ«ጤዛ» ደግሞ አንድ እግሩንና የማስታወስ ችሎታውን አጥቶ በጣና ዳር ወዳለች የእናቱ መንደር የተመለሰ ምሁርን ታሪክ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መንደር እየዘለሉ ተርከዋል። ቬኒስ ሸለመችው፤ ዋጋዱጉ የአፍሪካ ታላቁን የፊልም ሽልማት ሰጠችው። «ጤዛ»ንም «ከበደኝ» የሚል አይጠፋም። በማኅሌት ሌሊቱን ቆሞ የሚያነጋ፣ ወረብ ከዝግታ ተነሥቶ እስኪፈጥን ሰዓታት የሚጠብቅ ሕዝብ ግን ትዕግሥት ጎደለው ለማለት አልደፍርም። የጎደለው ምን እንደሚጠብቅ የሚነግረው ሰው ነው።

እውነተኛው እንቅፋት ቋንቋው ነው። ፊልሙ በጃፓንኛ ይናገራል፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥር ይሮጣል። ጽሑፉን የሚያነብ ምስሉን አያይም፤ ምስሉን የሚያይ ወሬው ያመልጠዋል። የመምህሩ መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ንግግሩን ባጭር ባጭሩ በአማርኛ ይተርክ ጀመር። ዝም መባል ባለበት ዝም አለ። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ እንኳ የጦር አለቆቹን ስም ለሦስተኛ ጊዜ እየደገመ አስረዳ። ገና ስድስተኛው ደቂቃ ላይ «ተበላሸ እንዴ?» ያለው ልጅ ያን ጊዜ ቢያንስ የሁለቱን ስም ያውቅ ነበር።

ያልተነሣው ጥያቄ

ፊልሙ ሲያልቅ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ሴቶቹ የት አሉ ብላ ጠየቀች። ማንም አላሰበውም ነበር። በሦስት ሰዓት ውስጥ ሁለት ቁባቶች አሉ፤ ሥራቸው ጠባሳ መፈለግ ነው። ልጅቷ ጎንደርን በምንትዋብ ነው የምታውቃት፤ ከቋራ መጥታ ግንብ አንጻ፣ ልጇን አንግሣ አገር የመራች እቴጌ በምትታወስበት ከተማ ያደገ ሰው፣ ንጉሥ ሲሞት ሴቶቹ ምን አደረጉ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የፊልሙ ጉድለት ነው፤ እኔም ምንም ልከላከልለት አልችልም።

መምህሩ ግን መልስ ነበረው። ኩሮሳዋ ከአምስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 «ራን»ን ሠራ፤ «ካጌሙሻ» ለእሱ መለማመጃ ነበር የሚሉ አሉ። ያረጀ ጌታ አገሩን ለሦስት ወንዶች ልጆቹ ያካፍላል፤ መሠረቱ የሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» ነው። ታላቁ ልጅ ቢጫ፣ መካከለኛው ቀይ፣ ታናሹ ሰማያዊ ይለብሳል፤ ስለዚህ ስም ማጥናት አያስፈልግም፣ ቀለም መከተል ይበቃል። ግንቡ ሲቃጠል የውጊያው ድምፅ በሙሉ ይጠፋና ሙዚቃ ብቻ ይሰማል፤ ግንቡ ለፊልሙ የተሠራና በእውነት የተቃጠለ ነው። ያን ቤት ከውስጥ የምታፈርሰው ደግሞ ሴት ናት፤ እመቤት ካኤዴ። ጌታው ዘመዶቿን ፈጅቶ ለልጁ የዳራት፣ ቂሟን ለዓመታት ይዛ የኖረች፣ ወንዶቹን በየተራ የምታንበረክክ።

የቤቱ ባለቤት «ራን»ን ለመክፈት ተስማምቷል። ኳስ በሌለበት ቀን ይሁን፣ በጊዜ ይጀመር፣ ሰውም መንገድ ሳይጨልምበት ወደ ቤቱ ይግባ ነው ያለው። ፊልሙ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው። ተማሪዋ ለካኤዴ ስትል ከፊት ያለው አግዳሚ ላይ ቦታ እንዲያዝላት ጠይቃ፣ ሁለት ጓደኞቿንም ይዛ እንደምትመጣ ተናግራለች።